ከሸሚዙ አንገት ላይ ያነበብኩት

ከእሑዳችሁ ላይ ቆርሳችሁ ስለሰጣችሁኝ ሰዓት አመሰግናለሁ። እሑድ የማይለቀቁት እህቶቻችንም ይህን ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብለው እንደሚያነቡት ተስፋ አለኝ።

ዛሬ የማወራችሁ አገር ከአገር ጋር ስለሚዋዋለው የንግድ ውል ነው። «ይህ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትል ካለች አልፈርድባትም። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ስለ ንግድ የማውቀው የገበያ ቀን እናቴ በርበሬ ስትሸጥ ያየሁትን ብቻ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ሁለት ሸሚዞችና አንድ የስልክ ጥሪ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምናገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ውሎቹ የተጻፉት በዚያ ስለሆነ እንዳይምታታባችሁ።

የማዳሜ ወንድም የሚኖረው አሜሪካ ነው። በ2019 በጋ ለዕረፍት ሲመጣ ለእህቱ ልጆች ሻንጣ ሙሉ ልብስ ይዞ መጣ። አጥቤ ስተኩስ አንገቱ ውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አነበብኩ። አንዱ «ሜድ ኢን ጆርዳን» ይላል፤ ዮርዳኖስ የተሠራ ማለት ነው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ካውያዬን አቆምኩት። «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» ይላል። ታናሽ እህቴ ያኔ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። እሷ ሰፍታው ይሆን ብዬ ስፌቱን በጣቴ ተከተልኩት።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ዮርዳኖስ ከዚህ ከቤሩት ሩቅ አይደለም። ታዲያ ሸሚዙ አሜሪካ ድረስ ሄዶ፣ ተመልሶ በሻንጣ እዚህ የሚመጣው ለምንድን ነው?

ጥያቄውን ለጊዜው ተውኩት። በ2022 መጀመሪያ ላይ ግን እህቴ ደወለች። «እትዬ፣ ፋብሪካው ሰው እየቀነሰ ነው። አጎዋ ተዘጋ ይላሉ። እኔም እንዳንቺ ልምጣ?» አለችኝ። አጎዋ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማላውቀው ነገር እህቴን ከሥራ ካስወጣት ማወቅ አለብኝ አልኩ። ማታ ማታ፣ ሳህኑ ታጥቦ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። የምነግራችሁ በዚያ መንገድ ያገኘሁትን ነው።

ከቀረጥ እንጀምር

አንድ ሸሚዝ አሜሪካ ሲደርስ ጉምሩክ ያቆመዋል። በነዚያ ዓመታት በነበረው መደበኛ ሕግ ለጥጥ ቲሸርት ከዋጋው 16.5 በመቶ ቀረጥ ይከፈላል። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ከሆነ 32 በመቶ ነው። በ10 ዶላር የተመዘገበ የጥጥ ቲሸርት 1 ዶላር ከ65 ሳንቲም ይከፈልበታል ማለት ነው። ለአንድ ቲሸርት ትንሽ ትመስላለች። ለመቶ ሺህ ቲሸርት ግን 165 ሺህ ዶላር ትሆናለች።

ነፃ የንግድ ውል በአጭሩ «ያንተ ዕቃ አገሬ ሲገባ ቀረጥ አይክፈል፤ የኔም አገርህ ሲገባ አይክፈል» ተባብሎ መፈራረም ነው። ይህ ሲሆን ነጋዴዎች ፋብሪካቸውን ቀረጥ ወደማይከፈልበት አገር ያዞራሉ። ያ አገር ሥራ ያገኛል፤ ዶላር ይገባለታል። ጥቅሙ እውነት ነው፤ አልክደውም።

ነገር ግን ሳይከፈል የቀረው 1 ዶላር ከ65 ሳንቲም የት ይሄዳል? ለገዢው ዋጋ ይቀንሳል? ለኩባንያው ትርፍ ይሆናል? ወይስ ለሰፊዋ ደመወዝ ይጨመራል? ውሉ ብዙውን ጊዜ ይህን አይናገርም። የሚናገረው ስለ ዕቃው ነው። ይህን ይዘን ወደ ሁለቱ ሸሚዞች እንሂድ።

የዮርዳኖሱ ሸሚዝ

ዮርዳኖስ በ1994 ከእስራኤል ጋር የሰላም ውል ተፈራረመች። አሜሪካ ሰላሙን ለማጽናት ብላ በ1996 አንድ በር ከፈተች። በዮርዳኖስ ልዩ የኢንዱስትሪ ቀጠናዎች የሚሠራ፣ ከእስራኤልም የመጣ ግብአት ያለበት ዕቃ ያለ ቀረጥ ይግባ አለች። በኦክቶበር 2000 ደግሞ አሜሪካና ዮርዳኖስ ሙሉ የነፃ ንግድ ውል ተፈራረሙ፤ በዲሴምበር 2001 ሥራ ላይ ዋለ። አሜሪካ ከዓረብ አገር ጋር ያደረገችው የመጀመሪያው ውል ይህ ነው።

በቁጥር ሲታይ ለውጡ ያስደንቃል። በ1998 አሜሪካ ከዮርዳኖስ የገዛችው ዕቃ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2004 ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። አብዛኛው ልብስ ነው። ይህን ያየ ሰው የዮርዳኖስ ድሃ ሁሉ አለፈለት ይላል።

በስፌት መኪናው ላይ የተቀመጠው ግን ማን ነበር? ከባንግላዴሽ፣ ከስሪላንካና ከሕንድ የመጡ እንደኛ ያሉ ስደተኞች ናቸው። በኋለኞቹ ዓመታት ከአራት ሠራተኞች ሦስቱ ገደማ ስደተኛ ሆኑ። ከባለፋብሪካዎቹ ብዙዎቹ፣ ጨርቁም ጭምር፣ ከእስያ የመጡ ነበሩ። ዮርዳኖስ ውስጥ ሥራ የፈታ ወጣት ሞልቶ ሳለ ለምን ከሩቅ ሰው አመጡ? የአገሩ ሰው ደመወዙና ሰዓቱ ካልጣመው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስደተኛው ግን የሚያድረው በፋብሪካው ማደሪያ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱም ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ጥሎ የሚሄድበት የለውም። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በ2006 ኒውዮርክ የነበረ አንድ የሠራተኞች መብት ድርጅት ስለ እነዚህ ፋብሪካዎች ሪፖርት አወጣ። ፓስፖርት መያዝ፣ እስከ ሌሊት ማሠራት፣ ደመወዝ መከልከል፣ ድብደባም ጭምር ተዘርዝሮበታል። ሳነበው የፋብሪካ ወሬ አልመሰለኝም። እዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እርስ በርስ የምናወራው ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ግን ከኛ ታሪክ ይለያል። በዚያ ውል ውስጥ ስለ ሠራተኛ መብት የሚናገር አንቀጽ ነበረ። አሜሪካ በንግድ ውሏ ዋና ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ ስታስገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ለአምስት ዓመት አንቀጹ ወረቀት ላይ ተኝቶ ቆየ። በ2006 የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት አንቀጹን ይዞ ለመንግሥቱ አቤቱታ አቀረበ። የዮርዳኖስ መንግሥት ገበያው እንዳይቀርበት ሰጋ። ፋብሪካዎቹን መረመረ፤ አንዳንዶቹን ዘጋ። በ2008 ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር ሆኖ ፋብሪካ የሚፈተሽበት ፕሮግራም ተጀመረ። በ2013 ለልብስ ስፌት ዘርፉ በሙሉ የሚሠራ የኅብረት ስምምነት ተፈረመ፤ ስደተኛውም በውስጡ ነበረ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። ከዚያ በኋላም የስደተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ከዮርዳኖሳዊው ያነሰ ሆኖ ቆይቷል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሠራተኛዋ በወረቀቱ ላይ መጻፏ ብቻውን አላዳናትም። አንቀጹን አንስቶ የሚጮህ ሲገኝ ነው የሠራው። አንቀጹ ባይኖር ደግሞ የሚጮኸው ምን ይዞ ይጮህ ነበር?

የሐዋሳው ሸሚዝ

አሁን ወደ እህቴ ሸሚዝ ልምጣ። አጎዋ የሚባለውን በሜይ 2000 የፈረሙት ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ናቸው። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዓይነት ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲያስገቡ ፈቀደ። ሰው ውል ይለዋል፤ ውል ግን አይደለም፣ የአሜሪካ ሕግ ነው። የዮርዳኖሱን ሁለት ወገን ተደራድሮ ፈረመው። አጎዋን ግን አሜሪካ ብቻዋን አወጣችው። በየዓመቱ ማን እንደሚቆይና ማን እንደሚወጣ ይወስኑ የነበሩት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ናቸው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ የእህቴ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ በአጎዋ ከመጀመሪያ ጀምሮ ነበረችበት። ብዙ ዓመት ግን በሩ ተከፍቶ ሳለ በበሩ የምናስገባው ዕቃ ትንሽ ነበር። ከዚያ መንግሥት የኢንዱስትሪ ፓርኮች መሥራት ጀመረ። የሐዋሳው በጁላይ 2016 ተመረቀ። የገነባው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። 60 ሺህ ሰው ይቀጠርበታል ተባለ።

እህቴ ከሀላባ ወጥታ ሐዋሳ ስትገባ እናታችን እልል አለች። አንዷ ልጇ ባሕር ተሻግራለች፤ ሌላዋ ግን በአገሯ ሠራተኛ ሆነች። እህቴ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራየች። መነሻ ደመወዟ በወር 750 ብር ነበር። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 26 ዶላር ገደማ ነው። በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ልብስ ከሚሰፉ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መነሻ ደመወዝ ይህ ነው ብሎ ጽፏል። ያው ጥናት እንደሚለው ሠራተኛ አይበረክትም ነበር፤ ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ የቀጠሩትን ያህል ሰው ይለቅባቸው ነበር።

አሁን ያቺን 1 ዶላር ከ65 ሳንቲም አስታውሱ። ዋጋው 10 ዶላር በሆነ በአሥራ ስድስት ቲሸርት ላይ ሳይከፈል የቀረው ቀረጥ 26 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። የእህቴ የወር መነሻ ደመወዝ ነው። ይህን በእንጀራ ወረቀት ጀርባ ላይ አስልቼ ሳይ ረጅም ጊዜ ዝም አልኩ።

ለምን እንዲህ ሆነ? በኢትዮጵያ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጻፈ። ተጻፈ እንጂ ወዲያው ብር ሆኖ እህቴ እጅ አልገባም። ፋብሪካ ለመሳብ ደግሞ ርካሽ ጉልበት አለን ተብሎ ነበር። ርካሽ ነን ብሎ የጠራ አገር እንግዳው ከመጣ በኋላ ተወደድን ማለት ይቸግረዋል።

ግን እህቴን ራሷን ብትጠይቋት ክፉ ብቻ አትነግራችሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ የባንክ ደብተር አወጣች። ማታ ወደ ቤቷ ትገባለች፤ በሩን የምትቆልፈው እሷ ናት። አንድ ቀን «እትዬ፣ ትንሽ ናት፤ ግን የራሴ ብር ናት» አለችኝ። እዚህ ያለን ሁላችን ይህን ቃል እናውቀዋለን።

በኖቬምበር 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ አሳወቁ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ተፈጸመ። ምክንያቱ በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመ ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነው ተባለ። ስለ ጦርነቱ እዚህ አልናገርም፤ ሁላችንም ያለቀስንበት ነው። የምለው ይህን ነው፦ እህቴ ጦርነቱን አልወሰነችም፤ ቅጣቱንም አልወሰነችም፤ ከመኪናዋ ላይ የተነሣችው ግን እሷ ናት። በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ሲፈረም እልል አልን። የአጎዋ በር ግን አብሮ አልተከፈተም።

ሩዋንዳም አይታዋለች

ይህ የደረሰው በኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሳልቫጅ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከውጭ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣውን የተለበሰ ልብስ። ለድሃ ርካሽ ነው፤ ለአገሬው ልብስ ሰፊ ግን ገበያውን ይዘጋበታል። በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች የራሳቸው ፋብሪካ እንዲያድግ ሳልቫጅን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማሙ። የአሜሪካ አሮጌ ልብስ ነጋዴዎች ለመንግሥታቸው አቤት አሉ። ከአጎዋ ትወጣላችሁ የሚል ማስፈራሪያ ሲመጣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ ወደ ኋላ አሉ። ሩዋንዳ እምቢ ብላ በሳልቫጅ ላይ ቀረጧን አጸናች። በጁላይ 2018 አሜሪካ የሩዋንዳን ልብስ ያለ ቀረጥ መግባት አገደች።

ትክክል ማን ነበር? ሳልቫጅ ለብሳ ያደገችም፣ ስፌት ተምራ ሥራ ያጣችም እዚህ መካከላችን ስላለች አልፈርድም። ግን አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። በችሮታ የተሰጠ በር ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይዘጋል። አገርም እንደ ሰው ናት፤ ያላትን ሁሉ በአንድ በር ላይ ከጣለች በሩ ሲዘጋ ደጅ ትቀራለች።

እኛስ የት ተጽፈናል?

ሸሚዙ ከዮርዳኖስ አሜሪካ ሲሄድ ወረቀት አለው። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚከፍልና ምን እንደማይከፍል ተጽፏል። እኛ ከኢትዮጵያ ሊባኖስ ስንመጣ ምን ወረቀት አለን? የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በ1946 ነው። አንቀጽ 7 ላይ የቤት ሠራተኛ ይህ ሕግ አይመለከታትም ይላል። ስለዚህ የቀረን የከፋላ ወረቀት ነው፤ እሱ ደግሞ የተጻፈው በአሠሪው ስም ነው። ዮርዳኖስ ግን በ2008 የሥራ ሕጓን አሻሽላ የቤት ሠራተኛን አስገባች። በተግባር ብዙ ይቀራታል፤ ቢያንስ ግን በሕጉ ተጽፈዋል። በ2011 ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅት ለቤት ሠራተኞች ቁጥር 189 የተባለውን ስምምነት አወጣ።

እዚህ ቤሩትም በጃንዋሪ 2015 ከብዙ አገር የመጡ የቤት ሠራተኞች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። መንግሥት ዕውቅና አልሰጠውም። ቢሆንም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን በተግባር ያሳዩ ሴቶች ናቸው። የዮርዳኖሱን አንቀጽ ያስነሣውም ማኅበር እንጂ አንድ ሰው አልነበረም።

ለእህቴ የነገርኳት

«ልምጣ ወይ?» ያለችኝን እህቴን ብዙ ቀን ሳልመልስላት ቆየሁ። ከዚያ ደወልኩና ሦስት ነገር ጠይቂ አልኳት። የትም ብትሄጂ፣ ፋብሪካም ይሁን ዓረብ አገር፣ መጀመሪያ ይህን ሥራ የሰጠኝ ማን ነው፣ ብቻውንስ ሊነሣኝ ይችላል ወይ በይ። ሁለተኛ ደመወዜ የት ተጽፏል በይ። ሦስተኛ ሲጓደልብኝ አቤት የምለው ለማን ነው፣ ከማንስ ጋር ሆኜ በይ።

ጥቂት ዝም ብላ «እትዬ፣ ላንቺስ የት ተጽፏል?» አለችኝ።

እህቶቼ፣ ያን ቀን ለቤተሰቤ ደብቄው የኖርኩትን ተናገርኩ። መጀመሪያ በገባሁበት ቤት ሰባት ወር ሳይከፈለኝ እንደሠራሁ፣ በዓል በደረሰ ቁጥር የላክሁት ብር ከጓደኛ ብድር እንደነበር ነገርኳት። በፎቶ የላክሁት ሳሎን የማዳም እንደሆነ፣ እኔ የምተኛው በረንዳ ላይ እንደነበር ነገርኳት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ አትምጪም ነይም አላልኳትም። ውሳኔው የሷ ነው፤ ግን እውነቱን ይዛ ትወስን።

እስካሁን አልመጣችም። ከፋብሪካው ከወጡ ሁለት ልጆች ጋር ሀላባ ላይ በተከራዩት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። መስከረም ላይ ሥራ ይበዛል፤ ከዚያ በኋላ ይቀዘቅዛል። አንዳንድ ወር የቤት ኪራዩን የምልክላት እኔ ነኝ። አንዳንድ ጊዜ አሁንም «ልምጣ?» ትላለች። እኔም ሦስቱን ጥያቄ እደግምላታለሁ።

የንግድ ውል ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ወረቀቱን አሳዩኝና ሠራተኛዋ የት ገጽ ላይ እንዳለች ልፈልግ እላችኋለሁ። እናንተም ነገ ልብስ ስትተኩሱ አንገቱን ገልጣችሁ አንብቡት። ከታች የሚደውሉላችሁ እህቶችና የአክስት ልጆችም አሉ። በፎቶ ሳይሆን በእውነት መልሱላቸው።

በሰላም ያገናኘን።